የሻርማርኬ ምላጭ

ዩኒስ ዱላውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳ ዑባህ የመኪናውን በር ገና አልከፈተችም ነበር። የመጀመሪያው ምት አጎቷን ሻርማርኬን ትከሻቸው ላይ አግኝቷቸዋል፤ ሁለተኛው ራሳቸውን ለመከላከል ባነሱት ቀኝ እጅ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ላንድክሩዘሩ ውስጥ ድረስ ተሰማ። ሽማግሌው አልጮኹም። ተንበርክከው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አቀፉና ግንባራቸውን አፈሩ ላይ ደፉ።

"ዶክተር፣ አይውረዱ!" አሉ ሾፌሩ ጋሽ አምሀ። ሞተሩን አላጠፉም። ከ2010ሩ ግርግር ወዲህ፣ ጅግጅጋ ከተማም ሆነ ገጠር፣ ሰው ተሰብስቦ ባዩበት ቦታ ሞተር አጥፍተው አያውቁም።

ዑባህ ግን ወርዳ እየሮጠች ነበር።

ሦስተኛውን ምት ያስቀሩት የአካባቢው ሽማግሌ አብዲራህማን ናቸው። ዩኒስን ከኋላ ወገቡን ጨምድደው ይዘው ይታገላሉ፤ እሱ ደግሞ ጎረምሳ ነውና ወዲያና ወዲህ ሲል እግራቸው ከመሬት እየለቀቀ ይንጠለጠላሉ። ሌሎቹ ወንዶች የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ብርካ አጠገብ ቆመው ያያሉ። አንድም ሰው ፈቀቅ አላለም።

"በቃ! ዶክተሯ እስክትመጣ ጠብቅ አላልኩህም? ምለህልኝ አልነበረም?"

"ጠብቄ ነበር፣ አዴር!" አለ ዩኒስ፣ ሽማግሌውን በሶማሊኛ "አጎቴ" እያለ። "ዛሬ ጠዋት ሌላዋ የግመል ግልገል ሞተች። ሂዱና እዩዋት! ከንፈሯ አብጦ፣ እናቷ ሥር ቆማ፣ ወተቱ መሬት ላይ እየፈሰሰ በረሃብ ሞተች። ዶክተሯ ደሞ ማን ናት? የገዳዩ የወንድም ልጅ!"

"የወንድሙ ልጅ መሆኔን ናሙና ስወስድም ታውቅ ነበር" አለች ዑባህ አጎቷ አጠገብ ተንበርክካ። "ግልገሎቹን የያዝክልኝ አንተ ነህ።"

"ያኔ ሰው መስለሽኝ ነው!"

ዑባህ የአጎቷን እጅጌ ቀስ ብላ ሰበሰበችው። ከእጅ አንጓቸው ከፍ ብሎ አጥንቱ ቆዳውን ከውስጥ ገፍቶ ቆሟል።

"ቀኙ ነው?" አሉ ሻርማርኬ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚጠይቁ ሁሉ።

"ቀኝዎ ነው፣ አዴር።"

"አውቆ ነው። የት እንደሚመታ የሚያውቅ ልጅ ነው።"

የዩኒስ እናት ዴቃ ከጎጆዋ ሁለት ቀጭን እንጨት ይዛ መጣች። የራስዋን ሻሽ ፈታ በጥርሷ ቀደደችውና ለዑባህ አቀበለቻት። "በእኔ ጨርቅ እሰሪው" አለች። "የሰበረው ልጄ ነው።" ከዚያ ወደ ልጅዋ ዞር ብላ እግሩ ሥር መሬቱ ላይ ተፋች። ዩኒስ ፊቱን አዞረ።

ከእሾህ አጥሩ ወዲያ የሞቱት ግልገሎች ተከምረዋል። የቆዩት አብጠው እግራቸው ወደ ላይ ተነስቷል፤ የዛሬዋ ዓይኗ እንኳ አልተከደነም። ከንፈሯና አፍንጫዋ በጥቁር ቅርፊት ተሸፍኖ አንድ ላይ ተጣብቋል። እናቷ አጥሩን በደረቷ ጥሳ ለመግባት ደጋግማ ትሞክራለች፤ እሾሁ የቦጫጨረው ደረቷ ይደማል። ሊመልሳት የሚሞክር ሰው የለም። ነፋሱ ሽታውን አንስቶ ድንበር ላይ ወዳለችው ቶጎጫሌ ወደሚያመራው አስፋልት ይወስደዋል፤ እዚያ የጭነት መኪኖቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመላለሳሉ።

ሻርማርኬ ከሸደር እስከ ድንበሩ ድረስ የሚጠሩ ሰው ናቸው። የግመል ፈንጣጣ ሲነሳ በሽታው ቀለል ካለላት ግልገል ላይ የደረቀ ቅርፊት ይወስዳሉ፤ ይፈጩታል፤ በወተት ይለውሱታል። ከዚያ የጤነኞቹን ከንፈር በምላጭ በጣ በጣ አድርገው ያንን ይቀቡታል። ግልገሏ ጥቂት ቀን ታኮርፋለች፣ ትድናለች፣ ከዚያ በኋላ ፈንጣጣ አይነካትም። ዑባህ ራሷ ልጅ ሆና የወተቱን ቅል ትይዝላቸው ነበር። የእንስሳት ሐኪም የሆነችውም በዚያው ፍቅር ነው።

በዚህ ዓመት ግን እጃቸው የነካቸው የዩኒስ ግልገሎች ከጥቂቶቹ በቀር አንድ በአንድ ወደቁ። ሩቅ ግጦሽ ላይ ስለነበሩ ሳይበጡ የቀሩት ደግሞ ደህና ናቸው። ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አገሩ ሁሉ አይቶ ፈርዷል።

ዑባህ ዛሬ የመጣችው የላቦራቶሪውን ውጤት ልትናገር ነው። ናሙናው ጅግጅጋ ታይቶ፣ ቀሪው ምርመራ መሃል አገር ተልኮ፣ መልሱ ትናንት ደርሷታል። ፈንጣጣው አንድ አልነበረም፤ ሁለት ዓይነት ነው። አጎቷ ቅርፊት የወሰዱባት ግልገል ላይ የተገኘው የዋሁ ነው፤ ቫይረሱም እጅግ ጥቂት ስለነበር ማሽኑ ፈልጎ ፈልጎ ነው ያገኘው። ገዳዩ ዓይነት ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነው። እሱ ሞልቶ የተገኘው ዩኒስ ከቶጎጫሌ ገበያ ባመጣት ነጭ ግልገል ከንፈር ላይ ነው። ነጯ ራሷ ታማ ድናለች፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠራትም።

ይሄ ግማሹ ነው። ቀሪውን ግማሽ የሰጠቻት ሳታውቀው ዴቃ ናት። የብጣቱ ዕለት የግልገሎቹን ጭንቅላት ይዛ የነበረችው እሷ ስለሆነች፣ ዑባህ ናሙና ስትወስድ የትኛዋ ከየትኛዋ ቀጥላ እንደተበጣች በስም በስማቸው እየጠራች ነግራታለች። መጀመሪያ የተበጣችው ነጯ ናት። "እንግዳ ናት፣ ትቅደም" ብሎ ያስቀደማት ዩኒስ ነው፤ ሁሉም ደስ ብሏቸው ስቀው ነበር። ሻርማርኬ ነጯን በጥተው፣ ምላጩን በሽርጣቸው ጠረግ አድርገው፣ ቀጣይዋን በጡ። ከዚያም ቀጣይዋን። ከነጯ ቀጥለው የተበጡት ግልገሎች ቁስል ላይ ገዳዩ እንደ ጉድ ነው፤ ተራው እየራቀ ሲሄድ ቁጥሩ እያነሰ ይመጣል፤ መጨረሻ የተበጡት ላይ የዋሁ ብቻ ነው ያለው። ከነጯ ሌላ በሕይወት የተረፉትም እነሱ ናቸው። በሽታውን ዩኒስ አመጣው፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያሻገረው የአጎቷ ምላጭ ነው።

ጠዋት ከጅግጅጋ ስትነሳ ሁለቱንም ግማሽ ልትናገር ቆርጣ ነበር።

አብዲራህማን ወንዶቹን ብርካው አጠገብ ካለው ግራር ሥር አስቀመጡ። ዩኒስ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከፊት ተቀመጠ። ሻርማርኬ የታሰረ እጃቸውን ይዘው ግንዱን ተደገፉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"መጀመሪያ ሆስፒታል ልውሰዳቸው" አለች ዑባህ።

"ሳይሰማ የትም አይሄድም!" ብሎ ጮኸ ዩኒስ።

"እንስማ፣ ልጄ" አሉ ሻርማርኬ ረጋ ብለው። "እጁ እንደሆነ ተሰብሯል። ተመልሶ አይሰበር።"

ዑባህ ልትነሳ ስትል ከአስፋልቱ አቅጣጫ አንድ ፒክአፕ አቧራ እያስነሳ መጣ። ግራሩ አጠገብ ሳይቆም በሩ ተከፈተና የሻርማርኬ ልጅ ኤልሚ ዘሎ ወረደ። ቶጎጫሌ ላይ ጭነት የሚያስጭን፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው። ክላሽ ይዟል። የአባቱን እጅ አየ፤ ከዚያ ዴቃን ያለ ሻሽ አያት፤ ከዚያ ዱላውን።

"ማን ነው?" አለ።

ሁለት እርምጃ ወደ ግራሩ ቀረበ።

"ዋርያ፣ ማን ነው አልኩ!"

"እኔ ነኝ" አለ ዩኒስ ተቀምጦ እንዳለ። "ምን ትሆን?"

"ኤልሚ" አሉ አብዲራህማን ተነስተው መሃል እየገቡ። "ሰው ለነገር ተቀምጦ እያየህ መሣሪያ ይዘህ ትመጣለህ? አባትህ እንዲህ ነው ያሳደገህ?"

"ውጤቱን ልሰማ መጥቼ አባቴን ተሰብሮ አገኘሁት እኮ፣ አዴር። ማን ይቆጣኝ?" ተቀመጠና ክላሹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። "እሺ። እኔም እሰማለሁ። ዑባህ፣ ንገሪያቸው።"

ዑባህ ቆመች።

"በሽታው ሁለት ዓይነት ነው" አለች። "አጎቴ የወሰዱት ቅርፊት ውስጥ ያለው የዋሁ ነው፤ እሱም እፍኝ የማይሞላ። እንኳን ግመል ፍየል አይገድልም። ገዳዩ ዓይነት የዚህ አገር አይደለም። ያገኘነው ነጯ ላይ ነው።"

"የትኛዋ ነጭ?" አሉ አብዲራህማን።

"ዩኒስ ከቶጎጫሌ ያመጣት።"

ወንዶቹ አንድ ላይ አጉረመረሙ። ዩኒስ ብድግ አለ።

"ውሸት! እሷ አልሞተችም! ያውና ቆማለች፣ እዩዋት!"

"አልሞተችም። ታማ ድናለች። የዳነች ግመል በሽታ አታመጣም ያለህ ማን ነው? አፏ ላይ ያገኘነው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። በገዛ እጅህ በረትህ ውስጥ አስገባሃት።"

ዩኒስ ዞሮ ነጯን አየ። ነጯን የገዛት ሁለት ዓመት ሙሉ በአይሱዙ ጭነት ተመላልሶ ነው፤ ለሠርጉ ለአማቾቹ የምትሰጥ ናት። ፊቱ ሲፈርስ ዑባህ በግልጽ አየችው። ቀሪው ግማሽ ምላሷ ላይ ነበር። "ግን" ብላ ልትቀጥል አፏን ስታላቅቅ የአጎቷ ጣቶች ታዩዋት፤ ጠቁረው፣ አብጠው፣ ከዴቃ ጨርቅ ጫፍ ወጥተዋል። እጃቸውን ሰብሮባቸዋል፣ አለች በልቧ። እስቲ ትንሽ ይቃጠል። እስቲ ይቅመሰው።

"ይሄው ነው" አለችና ተቀመጠች።

ኤልሚ ተነሳ።

"ሰማችሁ?" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ግመሉን ራሱ ገድሎ ነው የአባቴን እጅ የሰበረው። ሰማችሁ ሁላችሁም? ዩኒስ፣ ና ወደዚህ። ቀኝህን ዘርጋ።"

"ኤልሚ፣ ተቀመጥ!" አሉ አብዲራህማን።

"ዘርጋ አልኩህ! ዱላ የያዝክበትን!"

ዩኒስ እጁን አልዘረጋም። ከሐፍረቱ ይልቅ ሞት የቀለለው ይመስል ዱላውን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ኤልሚ ሮጠ። ኤልሚ ተኮሰ፤ ጥይቱ የዩኒስን ጭን በሳው። ግመሎቹ በአንድ ጊዜ ደንብረው አጥሩን ጥሰው ወጡ፤ አንዷ አብዲራህማንን በጎኗ ገጭታ ጣለቻቸው፤ ሰዉ ተበታተነ። ዩኒስ አንድ እርምጃ ሄዶ በፊቱ ተደፋ። ዱላውን አለቀቀም። በክርኑ እየዳኸ ወደ ኤልሚ ተሳበ፤ ከሥሩ አፈሩ ቀይ ሆነ።

"እጁን!" አለ ኤልሚ፣ አሁን እያለቀሰ። "እጁን ነው የምፈልገው!" ክላሹን ወደ ታች አነጣጠረ። ዴቃ ልጅዋ ላይ ተወረወረችና በአካሏ ሸፈነችው። ኤልሚ በእግሩ ገፋት፤ አልተነሳችም። አፈሙዙን በትከሻዋና በልጅዋ ራስ መሃል ሰደደው።

"ምላጩ ነው!" ብላ ጮኸች ዑባህ። "ኤልሚ! የአባትህ ምላጭ ነው!"

አፈሙዙ ባለበት ቀረ።

"ምን?"

"ነጯ አመጣችው፤ ሌሎቹ ላይ ያዳረሱት አባትህ ናቸው። መጀመሪያ ነጯን በጡ፤ በዚያው ምላጭ ሳያጥቡት፣ በእሳት ሳያሳልፉት ሁሉንም በጡ። ተራቸውን ዴቃ ነግራኛለች። መጀመሪያ የነካቸው አለቁ፤ መጨረሻ የነካቸው ተረፉ። ምላጩ ነው ያሻገረው። ሁለቱም ናቸው፣ ኤልሚ። ሁለቱም!"

"ቅድም ለምን አላልሽም?"

ኤልሚ አባቱን አየ። ሻርማርኬ ግንዱን ተደግፈው አፋቸውን ከፍተው ዑባህን ይመለከታሉ። ኤልሚ ክላሹን ቀስ ብሎ ከዴቃ ትከሻ አነሳው፤ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ፒክአፑ ጋ ደረሰ፤ ገባና ወደ ድንበሩ አቅጣጫ ነዳው።

ጋሽ አምሀ ላንድክሩዘሩን እስከ ግራሩ ድረስ አስጠግተው ነበር። "ያዙት! በጀርባው፣ በጀርባው!" እያሉ በሶማሊኛ ይጮኻሉ። ዩኒስን ከኋላ ወለሉ ላይ አጋደሙት። ዑባህ ቀበቶዋን ፈታ ከቁስሉ በላይ ጭኑን አሰረችውና ጫፉን ጥርሷን ነክሳ ሳበችው። ዴቃ የልጅዋን ራስ አቀፈች። ሻርማርኬ ማንም ሳይጠራቸው ገብተው ተቀመጡና ግራ መዳፋቸውን ቁስሉ ላይ ጫኑ።

አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ጋሽ አምሀ በአማርኛ "ዶክተር፣ ደሙ ቆመ?" አሉ።

"ቀንሷል። ጋሽ አምሀ፣ ይንዱ።"

"እየነዳሁ ነው። ከዚህ በላይ ከነዳሁ አራታችሁንም ነው የምገድላችሁ።"

"እጅህን አንሳልኝ" አለ ዩኒስ ሽማግሌውን። ጥርሱ ይንገጫገጫል። "ገዳይ አይንካኝ።"

"ዝም በል፣ አንተ" አለችው ዴቃ። "እጁን ካነሳ ትሞታለህ። ከሞትክ ደግሞ እኔ እገድልሃለሁ።"

ሻርማርኬ ፈገግ አሉ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የተሰበረው እጃቸው እየተነቃነቀ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ግራው ግን ከቁስሉ ላይ አልተነሳም። ትንሽ ቆይተው ወደ ዑባህ ጎንበስ አሉ።

"ጎበዝ ነሽ" አሏት በዝግታ።

"ምን አደረግሁ?"

"ምላጩን ያልሽው ነዋ። ልጄን ከደም አዳንሽው። እኔ ብሆን እንዲህ ያለ ዘዴ በዚያ ሰዓት አይመጣልኝም ነበር። አባትሽም እንዲሁ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ በጭንቅ ሰዓት ምላሱ ይፈታ ነበር።"

ዑባህ ቀበቶውን ጠበቅ አደረገች። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

"ሰዉ አይቀየመኝም" አሉ ቀጥለው። "ለማስቆም ብለሽ እንደሆነ ይገባዋል። ሐሙስ ከሸደር ወዲያ ያሉት ይጠብቁኛል፤ ግልገሎቻቸውን ሰብስበው። ቀኜ ባይሆን ግራዬ አለ። ታውቂያለሽ? ልጅ ሆኜ ግራኝ ነበርኩ። አባቴ ገርፎ ነው ያስተወኝ። ይኸው ሊጠቅመኝ ነው።" ሳቁ፤ ሳቁ ሕመሙን ቀሰቀሰባቸውና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ዩኒስ ዓይኑን ገልጦ ይሰማ ነበር። ጋሽ አምሀ በመስታወቱ አዩና መልሰው መንገዱን አዩ። ጅግጅጋ ገና አልታየችም።

ዝም ማለት ይቻላል፣ አለች ዑባህ ለራሷ። እጃቸው ተሰብሯል፤ ልጃቸው ድንበር ተሻግሯል፤ የቀረቻቸው ይቺ የምላጭ ሥራቸው ናት። ቅድምም ዝም ማለት ይቻል ነበር።

"አዴር" አለች። "እጅዎ እንዳይላላ። ጫን አድርገው ይያዙት።"

"ይዣለሁ።"

"ልጅዎን ለማስቆም ብዬ አይደለም። የሆነው እሱ ነው፤ አስቀድሜ መናገር የነበረብኝም እሱን ነው። ነጯን የበጡበት ምላጭ ነው የገደላቸው።" የሽማግሌው ዓይን እስኪገለጥ ጠበቀች። "ሐሙስ የትም አይሄዱም።"